ከአገሩ ወጥቶ ለሌላው ከተማ የቀየሰ ሰው
(የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አጭር የሕይወት ታሪክ)

በዘንድሮው ዓመት እኛን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከፈተናው ይልቅ የሚያነጋግረን አንድ ጉዳይ ነው። እርሱም የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን በምንሞላበት ጊዜ የትኛውን ከተማ በመጀመሪያው ተራ እናስቀምጥ የሚለው ነው። ቀድሞ በዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር፤ መማር የፈለገ ሁሉ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ መሄድ ነበረበት። የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን መቅረትም እንደ መሄድ ሁሉ የሚቻል ሆኗል። የመጨረሻው ምደባ በሚኒስቴሩ እጅ ቢሆንም የመጀመሪያውን ቃል የምንሰጠው እኛ ስለ ሆንን፣ ነገሩ እንቅልፍ የሚነሣ ሆኖብናል። አንዳንዷ እናት ልጇ ከዓይኗ እንዳይርቅ ትለምናለች፤ አንዳንዱ አባት ደግሞ ልጁ አዲስ አበባ ካልገባ የተማረ አይመስለውም። ከእኛም መካከል በዚህች ከተማ ተወልዶ አድጎ ከሐረርና ከቶጎ ውጫሌ በቀር ሌላ ከተማ አይቶ የማያውቅ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ የበዓል መጽሔት ከየክፍሉ አንዳንድ ጽሑፍ እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ ይህንኑ የልባችንን ጥያቄ ይዘን ከቀድሞ ሰዎች መካከል አገሩን ትቶ የሄደ ሰው መፈለግ ጀመርን። ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብርሃም ከዑር ወጥቷል፤ ዮሴፍ ሳይወድ ወደ ግብፅ ተወስዷል፤ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት ጓደኞቻችንም ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ዓመት ጀምሮ ነው። ሆኖም እንዲህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በየቀኑ ወደ ትምህርት ስንመላለስ የምንረግጣቸው መንገዶች ራሳቸው ወደ አንድ ሰው መሩን።

አንባብያን ሆይ፣ ሐረር ሄዳችሁ በጀጎል ግንብ ውስጥ ተመላልሳችሁ እንደ ሆነ መንገዱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ታውቃላችሁ። እዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሰው ቤት በሠራ ቍጥር መተላለፊያው እንደ ቤቱ ጠባይ ታጥፏል፤ እንግዳ የሆነ ሰው ሳይጠይቅ አይወጣም። በጅጅጋ ግን መኻል ከተማው ላይ በአንድ ማዕዘን ቆሞ የተመለከተ ሰው መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከሌላ ቀጥ ያለ መንገድ ጋር ሲቋረጥ ያያል። እንዲህ ያለ መንገድ በራሱ አይወለድም፤ ቤቱ ሳይሠራ አስቀድሞ በገመድ የለካ፣ ችካል የተከለ ሰው አለ ማለት ነው። ያም ሰው በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅጅጋ ገዥ ሆነው የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንደ ሆኑ ይነገራል። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉ ሰው በመሆናቸው ነበር፤ የከተማችን ነገር እንደሚመለከታቸው ግን አናውቅም ነበር።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ገጠር ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። በዚያ ዘመን አባት የሌለው የገጠር ልጅ ዕድሉ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ከእናቱ ጋር ከመሬቱ ላይ ይቀራል፣ ወይ ዘመድ እጁን ይዞ ከአንድ መኰንን ቤት ያስገባዋል። የተክለ ሐዋርያት ዕድል ሁለተኛው ሆነና ወደ ሐረር መጥተው በልዑል ራስ መኰንን ቤት ውስጥ ለማደግ በቁ። ሐረር ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ከያዟት ወዲህ የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዐረብ ነጋዴ የሚጋፋባት ከተማ ነበረች፤ ከደጋ ለመጣ ልጅ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሳይሆን ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መግባት ነበር። የዐድዋ ዘመቻ በመጣ ጊዜም ልጁ ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዘምተው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን በዓይናቸው አዩ። ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኒኮላይ ሌዎንቲየፍ የሚባለው ሩሲያዊ ከጥቂት የጣሊያን ምርኮኞች ጋር ወደ አገሩ ሲመለስ ተክለ ሐዋርያትም አብረው ሄዱ። የሄዱበትን መንገድ እኛ ከሌላው አንባቢ ይልቅ በሐሳባችን ልንከተለው እንችላለን። የዚያን ጊዜው መንገደኛ ከሐረር ደጋ ወደ ጀልዴሳ ቍልቍል ወርዶ በኢሳ ሶማሌዎች በረሃ በግመልና በበቅሎ እየተጓዘ ጂቡቲ ባሕር ዳር ይደርስ ነበር። ዛሬ አይሻና ደወሌ በተባሉት የባቡር ጣቢያዎች በኩል የሚያልፈው ሐዲድ ገና አልተጀመረም፤ ድሬዳዋ የምትባል ከተማም አልነበረችም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ሕይወቱ መቍረጥ አይችልም፤ ቢወድም ባይወድም የሚቈርጡለት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ይህን የመጀመሪያውን ጕዞ ውሳኔ ልንለው አንችልም።

በሩሲያ ሞልቻኖፍ የሚባል አንድ ኮሎኔል እንደ ልጁ አድርጎ በቤቱ አሳደጋቸው። ከዚያም በፒተርስቡርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ። ከዐሥር ዓመት የበለጠ ጊዜ እዚያ ቆዩ፤ ልጅነታቸውም ጕርምስናቸውም በሩሲያ በረዶ ውስጥ አለፈ። እውነተኛው ጥያቄ የመጣባቸው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ቤት አላቸው፤ ማዕረግ አላቸው፤ የሚወዷቸው ሰዎች አሏቸው፤ ቋንቋውም ለአፋቸው የቀረበ ሆኗል። የትውልድ አገራቸው ግን ከሕፃንነት ትዝታ በቀር ምንም ያልሰጠቻቸው ናት። እኛ ዛሬ የምንጨነቀው የኖርንበትን ከተማ ትተን ወደማናውቀው ለመሄድ ነው፤ ለእርሳቸው ደግሞ የኖሩበት ከተማ ፒተርስቡርግ ነበረ፣ የማይታወቀውም አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው።

የሩሲያ ታሪክ ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ሰው ያቀርብልናል። ከተክለ ሐዋርያት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንድ አፍሪካዊ ሕፃን ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ተወስዶ፣ ተምሮ፣ ጄኔራል ሆኖ እዚያው ሞተ። እርሱም የባለቅኔው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሐኒባል ነው። ስለ ትውልድ አገሩ ሊቃውንት አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ከእኛው ወገን ያደርጉታል፣ ሌሎቹ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው ይላሉ። ሐኒባል ቀረ፤ ከዘሩም የሩሲያ ታላቅ ገጣሚ ተወለደ። ስለዚህ የቀረ ሰው ሁሉ ጠፋ ማለት አንችልም። ተክለ ሐዋርያት ግን ተመለሱ።

የተመለሱት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሄዱበት ጊዜ ግመል ይጓዝበት የነበረው በረሃ አሁን በምድር ባቡር ይታለፍ ነበር፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበርና። ያሳደጓቸው ራስ መኰንን ግን በ1898 ዓ.ም. ቍልቢ ላይ ዐርፈዋል። ዐፄ ምኒልክም በሕመም እየደከሙ ስለ ነበረ በቤተ መንግሥቱ ማን እንደሚያዝ በውል አይታወቅም ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ትቶት የሄደውን ነገር እንደ ነበረ የሚያገኘው ይመስለዋል፤ ተክለ ሐዋርያት ያገኙት ሌላ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ሳይቆዩ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። የሚያስደንቀው የሄዱበት ምክንያት ነው፤ መድፍ የተማሩት መኰንን በዚህኛው ጕዞ የፈለጉት የእርሻ ትምህርት ነበር። የጦር ሰው ወደ ማረሻ ሲዞር በልቡ አንድ ነገር ቈርጧል ማለት ነው ብለን እንገምታለን። ይህን ትምህርት ይዘው ሲመለሱ ለመኖር ተመለሱ።

አሁን ወደ ጅጅጋ እንመጣለን። ይህ ለእኛ የታሪኩ ልብ ስለ ሆነ ጥቂት ብንዘገይበት አንባብያን ይቅር ይሉናል።

ጅጅጋ ከተማ ከመሆኗ በፊት የውኃ ቦታና የመንገደኛ ማረፊያ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. ገደማ አንድ እንግሊዛዊ መኰንን ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የነጋዴዎች መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ጽፏታል። ሐረር በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ከካራማራ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ የሐረር ወታደሮች በእሾህ አጥር የታጠረ ምሽግ ሠሩ። በመጋቢት ወር 1892 ዓ.ም. የሰይድ ሙሐመድ ዐብዲሌ ሐሰን ደርቪሾች በዚህ ምሽግ ላይ አደጋ ጥለው ከሁለቱም ወገን፣ ይልቁንም ከአጥቂዎቹ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያም በ1908 ዓ.ም. ክረምት ልጅ ኢያሱ እስከዚህ ድረስ መጥተው ከሶማሌ ሽማግሌዎች ጋር ተወዳጁ፤ ይህም መወዳጀት ከተከሰሱባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ተክለ ሐዋርያት ቀድሞ የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው የነበሩ ቢሆኑም በዚህ ጊዜ ከሚያወርዱት ወገን ተሰልፈው ነበር። ወደ ጅጅጋ በገዥነት የመጡትም ከዚህ ሁሉ ሽብር በኋላ ነው፤ ስለዚህ የመጡባት ምድር ሰላማዊ ሜዳ አልነበረችም።

ለዚህ ሥራ ምን ዓይነት ሰው ይዘው እንደ መጡ እናስብ። የመድፍ መኰንን ርቀትንና ማዕዘንን ሳይለካ አይተኵስም፤ የእርሻ ተማሪም መሬትን በመስመር መከፋፈል ያውቃል። እንደዚሁም በፒተርስቡርግ የኖረ ሰው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ረግረግ ላይ በቀጥታ መስመር የተሠራ ከተማ በየቀኑ ያያል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዓይን ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ጅጅጋ ሜዳ መጣ። ሜዳው ራሱ ለሥራው የተመቸ ነው፤ መስመሩን የሚያጣምም ገደል ወይም ጕብታ በመኻሉ የለም። ሐረር በተራራ ላይ በመሆኗ እንዲህ ያለ መንገድ ብትፈልግም አታገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ መንገድ መቀየስ ከተማ መሥራት አይደለም። ችካሉ ተተክሎ ሲያበቃ በመስመሮቹ መካከል የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያቶቻችን አፍ የሰማነው ይበልጣል። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤቱን በግመል ጭኖ የሚሄድ ሰው ነው። አቃል የሚባለው ቤት ሴቶች በጥቂት ሰዓት የሚያቆሙት፣ በጥቂት ሰዓትም የሚያፈርሱት ነው፤ ዝናብ በዘነበበት ይተከላል፣ ሣሩ ሲያልቅ ይነቀላል። እንዲህ ላለ ሰው ከተማ መግባት ማለት ቤቱን ለሁልጊዜ ከመሬት ጋር ማሰር ነው። ግመሉን ለወንድሙ ወይም ለአጎቱ አደራ ሰጥቶ፣ በወተት ምትክ ሻይ ሊሸጥ፣ ወይም ከበርበራ የመጣ ጨርቅና ተምር ሊነግድ፣ ወይም ልጁን ቁርኣን ቤት ሊያስገባ የገባው ሰው፣ የእኛን ያህል ሳይሆን ከእኛ የበለጠ ተጨንቋል። እኛ ብንሄድ በበዓል ተመልሰን እንገባለን፤ መንጋውን የሰጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ መንጋው አይመለስም። ከክፍላችን ልጆች የብዙዎቹ አያት ወይም ቅድመ አያት ይህን ውሳኔ የወሰነ ሰው ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ አይገኝም። ከቀብሪ በያህ የገባ አለ፣ ከሐርሺን የገባ አለ፣ ከአውባሬ ወገን የገባ አለ። ከደጋም የመጡ አሉ፤ ወታደር፣ ጸሐፊ፣ ጠጅ ሻጭ፣ ዳኛ፤ እነርሱም በተራቸው የሸዋን ወይም የሐረርጌን መንደር ትተው ነው የመጡት።

እዚህ ላይ በክፍላችን መካከል ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበረ ብንደብቅ ትክክል አይሆንም። አንዳንዶቻችን ፊታውራሪ የተሾሙት ከአዲስ አበባ ነው፣ ሜዳው የማን እንደ ሆነ የሜዳውን ሰዎች ማን ጠየቀ፣ ከተማውም ለወታደርና ለቀረጥ እንዲመች የተቀየሰ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ሌሎቻችን ደግሞ የተቀየሰው ለማንም ይሁን ለማን፣ ዛሬ የሚሄድበት የሁሉ ልጅ ነው ስንል መለስን። ክርክሩ በአንድ የዕረፍት ሰዓት አላለቀም። የምናምነው ግን ይህን ነው፤ የዚያ ዘመን ገዥነት ሕዝብን የማይጠይቅ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም፤ ደግሞም ከሾሙት ሰዎች ብዙዎቹ ወደዚህ ዳርቻ መጥተው ግብር ሰብስበው ከመሄድ በቀር የተዉት ነገር አይታይም። ችካል መትከልና ግብር መሰብሰብ አንድ አይደሉም።

ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ያየችውን በጥቂቱ እናንሣ፤ መሄድና መቅረት የሚለው ነገር ለጅጅጋ ሰው የተማሪ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅምና። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ተያዘች። በመስከረም ወር 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ያዛት፤ በየካቲት መጨረሻ እንደ ገና ተለቀቀች፤ በእነዚያ ወራት ሰው ቤቱን ትቶ በየአቅጣጫው ተሰደደ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በሐርጌሳ ላይ በደረሰው ጥፋት ምክንያት የድንበሩ ማዶ ሰዎች በብዙ መቶ ሺህ ወደ እኛ ጎረፉ፤ ሐርትሼክ የምትባለው ትንሽ ቦታ በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዷ ሆነች፤ ሰፈሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። የክልሉ ርእሰ ከተማ ከጎዴ ወደ ጅጅጋ የተዛወረውም በዚሁ በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ በየዘመኑ ሰው የሚወጣባትም የሚገባባትም ናት።

ተክለ ሐዋርያት በጅጅጋ ብዙ ዘመን አልቆዩም። ቀጥሎ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆሩ፤ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ጨርጨር በቡናዋ የታወቀች አገር ስለ ሆነች የእርሻ ትምህርታቸው እዚያ ቦታ አገኘ፤ አውራጃውም ለሌሎች ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ነበረች። ከእርሳቸው በኋላ ይህችን አውራጃ ከገዙት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸውም ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኰንኖች ተወስደው በህንድ አድገው የተመለሱ ናቸው። ሁለት በልጅነታቸው ከአገር የተወሰዱ ሰዎች አንዷን አውራጃ ተከታትለው መግዛታቸውን ስናነብ አጋጣሚ ብቻ አልመሰለንም። ውጭ የኖረ ሰው ሌሎች የለመዱትን ነገር እንደ አዲስ ያየዋል።

ስለ ተውኔታቸው ጥቂት ብንናገር ይበቃል፤ በትምህርት ክፍል ሁላችንም የሰማነው ነውና። ስሙ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። በእንስሳት ተረት አስመስለው የመኳንንቱን ብልሹ አሠራር የሚነቅፍ ስለ ነበረ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። በአውሮፓ ትያትር አይተው የመጡት ሰው በአገራቸው ሰው ፊት ያቀረቡት ይህ ነበር፤ ለጊዜው የተገኘው መልስ ዝምታ ነው። ከዚያ በኋላ በበጅሮንድነት ማዕረግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት፣ የጃፓንን ሕገ መንግሥት በምሳሌነት ይዘው ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ግን እንደ ገና ወደ እኛ ወገን ይመልሰናል። ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልክተኛ ሆነው ሳለ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል በሚባለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተዋጉ። ከእኛ በኩል ብቻ ከመቶ የበለጠ ሰው ሞተ። ጣሊያን ይህን ምክንያት አድርጋ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ በዳኝነት ይታይ አለች። የዚህን ክርክር ጽሑፍ በጄኔቭ ለማኅበሩ ያቀርቡ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት የብዙ መንግሥታት መልክተኞች መካከል በኦጋዴን የውኃ ጉድጓድ ለሰውና ለከብት ምን እንደ ሆነ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበረ ብለን አናምንም። ለእነርሱ በካርታ ላይ ያለች ነጥብ ናት፤ ለጅጅጋ ገዥ ግን ደረቅ ወራት ሲመጣ ከሐርሺን እስከ ወርዴር ያለ መንጋ ሁሉ የሚጠጋበት ነገር ነው። ዳኞቹ በመጨረሻ ማንንም ጥፋተኛ ሳያደርጉ ተነሡ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ተክለ ሐዋርያት ይህን አልደገፉም። ነገር ግን እርሳቸውም ተሰደው መጀመሪያ ወደ ጂቡቲ፣ ኋላም ወደ ማዳጋስካር ደሴት ሄዱ። ስለዚህ በልጅነታቸው ሰው ወስዷቸው፣ በጐልማሳነታቸው ለትምህርት ወደው፣ አሁን ደግሞ ጠላት አስገድዷቸው ከአገር ወጡ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ብዙ ስደተኛ ወዲያው ገባ፤ እርሳቸው ግን ብዙ ዓመት በማዳጋስካር ቆዩ። ይህ ለምን እንደ ሆነ ስንነጋገር፣ ተመልሶ የሚያውቅ ሰው መመለስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስለሚያውቅ ነው ያለ ጓደኛችን አለ። እኛም ይህን ልብ ብለን ትተነዋል።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ መጀመሪያ አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። መጽሐፉ በፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ ስለሚመለስ ወጣት ነው። ከአባትየው ሕይወት አንድ ነገር ወደ ልጁ ብዕር እንደ ተሻገረ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ተክለ ሐዋርያት በመጨረሻ ተመለሱ። ያን ጊዜ ሊቀመጡ የሚችሉባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። ሹመት በሚፈለግባት በአዲስ አበባ መኖር ይቻል ነበር፤ የተወለዱበት የሸዋ ገጠርም አለ። እርሳቸው የመረጡት ሂርና ነው፤ ቀድሞ በገዙት በጨርጨር ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ። እዚያ እንደ ገበሬ ተቀመጡ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ሄደው የተማሩት እርሻ በሽምግልናቸው ሥራቸው ሆነ። አስቀድመን የቆጠርናቸውን መንገዶች መለስ ብለን ስናያቸው፣ ማንም ሳይወስዳቸው፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ ማንም ሳያሳድዳቸው የገቡበት ከተማ ሂርና ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከጅጅጋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ካራማራን አቋርጦ የዳካታን ድንጋዮች አልፎ በባቢሌ በኩል ሐረር ይገባል። ከዚያም ራስ መኰንን የሞቱባትን ቍልቢን አልፎ ሂርና ይደርሳል፤ ቀጥሎ ጭሮ ነው፤ ከጭሮም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከእኛ መካከል የሚሄዱት በመስከረም በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ ስንት እንደምንሆን ገና አልታወቀም።

ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት አልፏቸው ዐረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በእጅ ጽሑፍ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ፤ የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው።